ወንድ የሚያፈላው ቡና

ረቡዕ

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ዛሬም ሳንቃ ልጌ እሠራለሁ። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። የቸርችልን ዳገት ሳላርፍ እወጣለሁ፤ መሃል ላይ ብቆምም ሰው ሰላም ልል ነው እንጂ ደክሞኝ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት አምና በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስሕተት ቢኖርበት አንባቢውም እኔው ነኝ።

ቡና ግን አላፈላም። ወንድ ጀበና ጥዶ ከታየ በእኛ ግቢ የወር ወሬ ነው።

ባለቤቴ ጸዳለ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቴ አስካለ ናት የምትጠራኝ። በግድግዳው በኩል "ጋሽ ታደሰ፣ ቡና" ትላለች፣ እሄዳለሁ። ቡና ደግሞ ተራ አለው፤ የጠራህን ትጠራለህ። እኔ አንድ ቀን ጠርቼ አላውቅም። ማንም አልተናገረኝም። አለመናገራቸው ነው የሚያንገበግበኝ። ትናንት ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ዛሬም ቀረሁ። ቡና ሳልጠጣ ስውል እውነትም አመመኝ።

ሐሙስ

ሲኞራ ማርታ አስጠራችኝ። ፒያሳ ልብስ ሰፊ የነበረች፣ እዚሁ ተወልዳ ያረጀች ጣልያን ናት። ቤቷ ከተወረሰ ወዲህ ወደ ወንድሟ አገር ልትሄድ ተነሥታለች፤ የዕቃ ሣጥኖች ሥራልኝ አለች።

ልኬት ስወስድ ማድቤቷ ውስጥ የቡና ማፍያዋን አየኋት። ቁመቷ ክንድ አይሞላም። ሆዷ መዳብ፣ ጎኗ የውሃ መለኪያ መስተዋት፣ አናቷ ላይ ረጅም እጀታ። አጠገቧ መሳቢያ ያለው የእንጨት የቡና መፍጫ።

"ቁጭ በል ታደሰ" አለችኝ። መፍጫውን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ አዞረች። ውሃው ማፏጨት ሲጀምር እጀታውን አነሣች፣ ጠበቀች፣ ቀስ ብላ ወደ ታች ተጫነች። ምንም የለም። ምንም የለም። ከዚያ ቡናው እንደ ማር ተስቦ ወረደ፣ ላዩ የወርቅ አረፋ። አናጢ ነኝ፤ የሰው እጅ የሚችለውን አውቃለሁ እል ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ስጠጣው አንድ ነገር ገባኝ። ይህ ጀበና አይደለም፣ መኪና ነው። መኪና ወንድ ቢነዳው ማን ይስቃል?

"ከነመፍጫው ትሸጪልኛለሽ?"

"ግማሹን በገንዘብ፣ ግማሹን በሣጥን።"

ዓርብ

ሣጥኖቹ አለቁ፤ ለአንዱ መክደኛ ሳንቃ አጠረኝ። ሲኞራ የተቆላ ቡና በቆርቆሮ ጨመረችልኝ። ሁሉንም በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ሰፈሬ ዶሮ ማነቂያ ስወርድ የቀበሌ ጥበቃ አስቆመኝ።

"አባት፣ ሬዲዮ ማሠራጫ ነው?"

"ቡና ማፍያ ነው።"

"ሽቦ አለው እኮ።"

"ያለ መብራት አይሠራማ።"

ግለጡት አለኝ። ገለጥኩ። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ፊቱ ላላ። "ይሂዱ" አለኝ፣ "ግን በደንብ ይሸፍኗት።" እንደገና ጠቅልዬ ሳላርፍ ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ

መጀመሪያ እንደ ጀበና ቡና አድቅቄ ፈጨሁ፤ አልወርድ አለ፣ እጀታው ተፈናጥሮ አገጬን ለጥቂት ሳተኝ። ቀጥሎ እንደ አሸዋ አደረግሁት፤ እንደ ዝናብ ወረደ። ሦስተኛው ማር ሆነ። ቶሎ አልጠጣሁትም። ስኳር ጣል አደረግሁበት፤ አረፋው ላይ ትንሽ ቆየና ቀስ ብሎ ሰመጠ። ብቻዬን ቆሜ አየሁት።

አስካለ በር ሄድኩ። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቡና እኔ ዘንድ ነው።"

"ማን ሊያፈላ?"

"እኔ።"

ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። "እሺ ጋሽዬ።"

እሑድ

መጡ። አስካለ፣ ባሏ ብርሃኑ ታክሲ ነጂው፣ ከታችኛው ቤት እማማ በላይነሽ። እንፋሎቱ ሲነሣ ብርሃኑ፣ "ጋሽ ታደሰ፣ በዚህ ባቡር ድሬዳዋ ስንት ሰዓት እንገባለን?" አለ።

"ትኬትህን ቁረጥና ተቀመጥ" አልኩት።

እጀታውን ስጫን ግን እሱም አንገቱን አስግጎ አየ። እማማ በላይነሽ አማተቡ። ጠጥተው "ዓይኔ በራ" አሉ።

ከዚያ ስኒያቸውን መለሱና ተቀመጡ። ቶናን እየጠበቁ ነው። ይህን እንዴት አላሰብኩም። አቦል ብቻ ጠጥቶ የሚነሣ ማን አለ? ጀበና ላይ ውሃ እንደሚጨመረው በዚያው አተላ ላይ ደግሜ ተጫንኩ። እጣቢ የመሰለ ነገር ወረደ። ሰጠኋቸው። እማማ በላይነሽ ቀመሱና፣ "ይቺንስ መኪናዋ ራሷ ትጠጣት" አሉ።

ቆርቆሮው ባዶ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርቼ ሰው በአቦል ልሸኝ ነው።

አስካለ ተነሥታ ወጣች። ሄደች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ወዲያው ለራሷ የቆላችውን ቡና በእፍኟ ሞልታ ተመለሰች። በዚህ ቡና በጠፋበት ጊዜ።

"መኪናዋ የአቦሉን አተላ ደግማ አትበላም ማለት ነው" አለች። "ይፍጩ እንጂ ጋሽዬ፣ ምን ያስተክዝዎታል?"

ብርሃኑ ላግዝዎ ብሎ መፍጫውን ያዘ። ቀማሁት። ራሴ ፈጨሁ። ቶናው እንደ አቦሉ ወፍሮ ወረደ። በረካውም እንዲሁ።

"ሦስቱም አቦል የሆነበት ቤት በዕድሜዬ አላየሁም" አሉ እማማ በላይነሽ፤ መርቀውኝ ሄዱ።

ሰኞ

ጠዋት በግድግዳው "ጋሽ ታደሰ፣ ቡና" ተባልኩ። ቀና ብዬ ሄድኩ።

ያለብኝ ዕዳ ይህ ነው። ለሲኞራ የአንድ ሣጥን መክደኛ፣ ሳትሄድ። ለብርሃኑ ይቅርታ፤ መፍጫውን አንድ ቀን ያዙር፣ አንድ ቀን ብቻ። ለእማማ በላይነሽ በእጣቢው ፈንታ አንድ ቶና። ለአስካለ አንድ እፍኝ የተቆላ ቡና፤ ያውም በእሷ እፍኝ፣ እፍኟ ሰፊ ነው። ከየት እንደማገኘው ገና አላውቅም። ማንም እንዳይከፍልልኝ።