ይሉኝታ የፈረመው ውል

ጥር 6
ልብስ ተኳሿ ዛሬም አልመጣችም። ወንድሟን ልካ "ለቅቃለች" አስባለችኝ። በቃል ገባች፣ በቃል ወጣች... ምን ይዤ ልሟገታት? ላውንደሪው ውስጥ ያልተተኮሰ ሸሚዝ ተከምሯል። አምሽቼ ቤት ስገባ ባለቤቴ በልታ ተኝታ ነበር። በሩን ስከፍት ነቃችና "ሌባ መስለኸኝ" አለች። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ደክሟት ይሆናል።

ጥር 8
አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ሱቅ መጡ። "እኔ እተኩስልሃለሁ" አሉ። እሰይ! እሳቸው ካውያ ሲይዙ ሸሚዝ ራሱ ይፈራቸዋል።
"ግን ያለ ውል ሥራ አልጀምርም።" ከቦርሳቸው ሁለት ገጽ ወረቀት አወጡ። ተዘጋጅተው ነው የመጡት ለካ።
አማት ፊት መነጽር ሰክቶ መስመር በመስመር ማንበብ... አላመንኩዎትም ማለት አይሆንም? "ኧረ እማማ፣ በእኔና በእርስዎ መሃል!" ብዬ ፈረምኩ። ደንበኛችን ጠበቃው ኮቱን ሊወስድ መጥቶ ነበር፤ እሱ ምስክር ሆነ።

ጥር 9
አነበብኩት። ምነው እጄን በቆረጠው!
ደመወዙ ደህና። እረፍቱ ደህና። ሲደክማቸው የሚቀመጡበት ወንበር፣ እሱም ደህና። አንቀጽ አምስት፦ "አሠሪው በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዘግቶ ቤቱ ይገባል፣ ከሚስቱ ጋር እራት ይበላል።" አንቀጽ ስድስት፦ "አሠሪው ይህን ካላከበረ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ልጇን ይዛ ትሄዳለች።"
የሥራ ውል ነው ወይስ የሽምግልና?

ጥር 10
ድፍረት አሰባስቤ "እማማ፣ ይሄ አንቀጽ አምስት..." አልኩ።
"ሳታነብ ነው እንዴ የፈረምከው?"
"አንብቤ ነው እንጂ!"
ምን ልበል ታዲያ? አሁን ባሰ።

ጥር 11
ጠበቃው ቢሮ ሄድኩ።
"ተገድጄ ነው የፈረምኩት፤ ይፍረስልኝ።"
"ማን አስገደደህ?"
"ይሉኝታ።"
እስኪያስለው ሳቀ። "ይሉኝታ በሕግ ማስገደድ አይባልም። ልጅ አይደለህም፣ አእምሮህ ጤነኛ ነው፣ ወደህ ፈርመሃል። እራት መብላት ደግሞ ሕገወጥ አይደለም።"
"ስድስትስ?"
እዚህ ላይ አሰበ። "እሱ አይጸናም። ውል የሚያስረው የተዋዋሉትን ብቻ ነው። ሚስትህ የለችበትም፤ በሰው ውል ተገዳ አትሄድም።"
ጮቤ ረገጥኩ! ደስ ብሎኝ ሱቅ አመሸሁ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሳህን ታጥባለች። አንድ ሳህን።
"አንቺን ማንም ሊያስገድድሽ አይችልም! ሕጉ ነው!" አልኳት።
ዞር ብላም አላየችኝ። "ማን አስገደደኝ? ስድስትን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።"
ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ጥር 12
አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዘጋሁ። "አመመህ እንዴ?" አለች ባለቤቴ በር ስትከፍት። አብረን በላን። ምን እንደሚወራ ጠፋኝ... ስለ እድፍ አወራኋት። የቀለም እድፍ በምን እንደሚለቅ። አዳመጠችኝ፣ ምስኪን።

ጥር 24
አማቴ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲል ካውያውን ይነቅላሉ። ደንበኛ ፊት "አንቀጽ አምስት!" ብለው ይጮኻሉ። ደንበኞቹም ለመዱት፤ አንዳንዱ ከእሳቸው ቀድሞ ይጮኻል። በገዛ ሱቄ!
ዛሬ እራት ላይ ባለቤቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በምን እንደሆነ ረሳሁት። ወዲያው መጻፍ ነበረብኝ።

ጥር 25
ስለ እድፍ ራሷ ጠየቀችኝ።

የካቲት 28
አማቴ ለቀቁ። አስቀድመው በጽሑፍ አስጠንቅቀው፣ እንደ ውሉ። "ሥራዬን ጨርሻለሁ" ይላል ደብዳቤው። የሸሚዙን ይሁን የእኔን አልጠየቅኩም።
ውሉ አበቃ። ነፃ ነኝ፣ እስከፈለግኩት ባመሽ ጠያቂ የለኝም።
አዲስ ተኳሽ ቀጠርኩ። ውሉን ስሰጣት እስክሪብቶ አነሳች። "ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን አምናለሁ..."
"አንብቢ!" ብዬ ጮኽኩባት። ደንግጣ ከላይ ጀምራ አነበበች። አምስት ላይ ስትደርስ ቆመች።
"ጋሼ... ይሄ 'ከሚስቱ ጋር እራት ይበላል' የሚለው ተሳስቶ ነው የገባው?"
"አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"
"እና ካልሄዱ እኔ ምን ላድርግ?"
"ካውያውን ንቀይ።"
ሩብ ጉዳይ ሲል ነቀለችው። የጀመርኩት ሸሚዝ አንድ እጅጌው ሳይተኮስ ቀረ። ጎበዝ ሠራተኛ ይወጣታል።