የአልማዝ አንገት ጌጥ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

የለሚ ኩራ ጭቃ ዛሬም አንድ እግር ጫማዬን ዋጠብኝ፤ ሳልከሰው አልቀርም።

የምር ያናደደኝ ግን የእህቴ ልጅ ሱራፌል፣ ፎቶ አንሺው ነው። ተከራዬን አልማዝን፣ ከሐመር የመጣችውን ልጅ፣ ባለፈው ሳምንት በባህል ልብሷ ሲያነሳት በሐመሮች ዘንድ የመጀመሪያ ሚስት ብቻ የምታደርገውን የአንገት ጌጥ አጠለቀላት። ልጅቷ ታጭታለች እንጂ አላገባችም። «አይሆንም ስለው ‹እዚህ ማን ያውቃል› አለኝ» ብላ አለቀሰችብኝ።

ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ለውበት ብዬ እኮ ነው!»

«እኔንስ ጥምጥም ጠምጥመህልኝ ቄስ ነው ብለህ አታነሳኝም፣ አንተ ደንቆሮ! አሁኑኑ አጥፋው!»

«ጋሼ... ፌስቡክ ላይ ስንቱ ተቀባብሎታል።»

ያጫት ሰው ቢያየውስ? 

ይህን እየጻፍኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

«የአልማዝ አባት ነኝ» ይላል ከውጭ። «ልጄን ያገባት ማነው?»