የሊና ሐውልት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ሥራ። ፍሪድሊ ያለው የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ። ቀኑን ሙሉ በማጉያ መነጽር ቀጭን ቱቦ ስመረምር ዋልኩ። ሰው ልብ ውስጥ የሚገባ ነው ይላሉ። አራቱን እንከን አለባቸው ብዬ ጣልኩ። አንዱ ደህና ነበር መሰለኝ...

ስወጣ ሊና ደወለች። ልጄ። ከስንት ወር በኋላ? ነርሲንግ ትምህርቷን የተወች ጊዜ «ታዲያ ምን ልትሆኚ ነው፣ ድንጋይ ጠራቢ?» ብያት ነበር። ለካ እውነትም ድንጋይ ጠራቢ ልትሆን ኖሯል። ትንቢቴ የሚሠራው እኔኑ ለማዋረድ ሲሆን ብቻ ነው።

«አባ፣ ስካልፕቸሬን፣ የድንጋይ ሐውልቴን፣ ጨረስኩ። ዱሉት፣ ሌክ ሱፒሪየር ዳር። ቅዳሜ ሳምንት ኦፕኒንግ አለ። ትመጣለህ?»

«ሥራ ከሌለኝ...» አልኩ። ቅዳሜ ሥራ ኖሮኝ አያውቅም።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ከቅዳሴ በኋላ እህተማርያም ያዘችኝ። የማኅበራችን ሰብሳቢ ናት፤ የማትጠይቀው ነገር የለም።

«ሊናዬ ነርስነቱን ጨረሰች?»

ዓመት ሙሉ «ተቃርባለች» እያልኩ ዋሽቻለሁ። ዛሬስ እውነቱ ይውጣ ብዬ ቆረጥኩ።

«ትታዋለች። ዱሉት፣ ባሕሩ ዳር፣ ሐውልት ሠርታለች። ቅዳሜ ይመረቃል።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ... ነፍስ ይማር።»

ለነርሲንጉ መስሎኝ «አሜን» አልኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። እህተማርያምና ስድስት የማኅበሩ ሰዎች። ነጠላ አዘቅዝቀዋል። አንድ ድስት ንፍሮ ይዘዋል።

«እናቷ ደህና ናት?» አለች እህተማርያም።

«ሲያትል ናት፣ ደህና ናት።»

«ታዲያ ማን ነው የሞተባት?»

ያኔ ገባኝ። ሐውልት ስል የመቃብር መስሏቸዋል። ትምህርቷን ያስጣላት ሐዘን፣ ሐውልት ያሠራት ሐዘን... አንዷ ማልቀስ ጀምራለች። ማስተካከል የአንድ ዐረፍተ ነገር ሥራ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «ነገሩ ረጅም ነው» ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሲሄዱ ንፍሮውን ጨረስኩት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ወደ ሥራ የምሄደው ከባልደረባዬ ከመርጋ ጋር ነው። ስነግረው ሳቁ ድራይቭ አላስደርግ አለውና መኪናውን ዳር አቆመ።

«ሰው ሳይሞት ለቅሶ ተቀመጥክ?»

«እነሱ ናቸው ያስቀመጡኝ።»

ከዚያ ሳቁን ተወ። «ቆይ፣ ለምን አልነገርካቸውም?»

ሬዲዮውን ከፈትኩ። እዚህ ልጻፈው፤ ልጄ ድንጋይ ትጠርባለች ከማለት ለቅሶ መቀመጥ ቀለለኝ። ይሄ አባት ይባላል?

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

እህተማርያም ቴክስት አደረገች። ለሐውልት ምረቃው ሰባቱም በቫን ይመጣሉ። አመመኝ ብል ደግሞ ሊጠይቁኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ቀድሜያቸው ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ አንዲት ዐረፍተ ነገር ስለማመድ ነዳሁ።

ማዶው የማይታይ ውሃ። «ባሕሩ ይገርማል» ስላት ሊና «ሌክ ነው፣ አባ፣ ሐይቅ» አለች። ከኔ ቁመት የሚበልጡ ሦስት ድንጋዮች ዳሩ ላይ ቆመዋል። ማዕበሉ እግራቸውን ይመታል። ወገባቸው ላይ ቀዳዳ አለ፣ ነፋሱ ሲያልፍበት ያጉረመርማል። በቀላሉ የሚሸረሸር ድንጋይ የመረጠችው አውቃ ነው። እሷ ጀመረችው እንጂ የሚጨርሱት ነፋሱና ውሃው ናቸው አለችኝ። እንደ ልማዴ እንከን ፍለጋ በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ሞልቷል። ግን ያምራል... በጣም ያምራል። ይሄን እንኳ አፍ አውጥቼ አልነገርኳት።

ቫኑ መጣ። ሰባት ሰው፣ ጥቁር በጥቁር። የሟች ፎቶና ስም ፍለጋ ድንጋዩን ዞሩት። እህተማርያም ሊናን አቀፈቻት።

«የማን ነው፣ ልጄ?»

«የኔ ነው።»

«በቁምሽ?» ብላ እህተማርያም ደረቷን መታች።

ሊና ወደኔ ዞረች። «አባ፣ ምንድን ነው ያልካቸው?»

ዐረፍተ ነገሬን ተናገርኩ። ነፋሱ ወሰደው። «ዋት?» አለች። ደገምኩ። አሁንም አልሰማችም። ሦስተኛው ላይ ጮህኩ፣ «አፍሬብሽ ነበር። ሰው አልሞተም። ልጄ ናት የሠራችው፣ እኔ አፍሬ ነው የዋሸሁት።»

ውሻ የሚያናፍሱት ፈረንጆች ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። እህተማርያም ያዘቀዘቀችውን ነጠላዋን አውልቃ በወጉ ለበሰችው። ሊና ወደ ውሃው ሄደች። ተከትያት ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። አላናገረችኝም። ሂድም አላለችኝም። አመሻሽ ላይ «ቀስ ብለህ ንዳ» አለች። ያችን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

በምሳ ሰዓት ሊና ፎቶ ላከች። ትናንት ኃይለኛ ማዕበል ነበር አለች። የመካከለኛው ድንጋይ ጫፍ የለም።

ዓመት ሙሉ የለፋችበት... ወዲያው ደወልኩ። ምን ይባላል? ሐውልት ለፈረሰበት ሰው ምን እንደሚባል ማን አስተምሮኝ?

«ሊናዬ...» አልኩ፣ «እግዜር ያጽናሽ።»

ጨረስኳት አልኩ በልቤ። ከዚያ ሳቀች። እንደ ልጅነቷ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። «አባ... ኦ ማይ ጋድ፣ አባ...» ትላለች፣ ደግሞ ትስቃለች። ድምጿን እንዲህ ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል።

የምሳ ሰዓቴ አለቀ። መርጋ ከበሩ ላይ በእጁ ና ይለኛል። እስክትጨርስ ጠበቅኳት።