የኦቦ ኡመር ማሽላ ሳሳ

ሐምሌ 24፣ መሰላ

ለግብርና ኢንተርንሺፕ በመጣሁ በሳምንቴ ኦቦ ኡመርን ስለ ማሽላ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሦስት ጊዜ የሚያጥፉ ገበሬ! ማሽላውን አጠጋግተው ይዘሩና ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ ጥቂት እየነቀሉ ለሚያደልቡት በሬ ይሰጣሉ። ደብተሬን ገልጬ፣ «ስህተት ነው፤ ትርፉ ተነቅሎ በአንድ ጊዜ ይሳሳ» አልኳቸው። አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ጉንጫቸው በጫት ተነፍቶ፣ «ልክ ናት» አሉ። እሳቸው ማሳ የሚገቡት ፎቶ ለመነሳት ብቻ ነው።

ኦቦ ኡመር ሳቁ። «በሬው ምን ይብላ? ደብተርሽን?»

ግን የተማረ ሰው ተናገረ ብለው ትርፉን በሁለት ቀን ነቅለው ጨረሱ።

ዛሬ ስንመለስ ማሽላው ውስጥ አገዳ የሚቦረቡር ትል ገብቷል። ካስቀረነው ከግማሽ በላይ ደርቋል። እንደ ልማዳቸው ቢተዉት ኖሮ አንዱ ሲደርቅ አጠገቡ ያለው ይተካው ነበር። ለዚህ ቀን ብለው እንደሚያጠጋጉት አላወቅኩም፤ አልጠየቅኳቸውም። ቤተሰቡ ዓመቱን የሚበላው ከዚህ ማሳ ነው። በሬውም ከስቷል።

ጋሽ ታደሰ በጆሮዬ፣ «በሪፖርቱ ላይ ዝናብ አጠረ በይ» አሉኝ። እኔ እቴ! ጫማቸው እኮ በጭቃ ተለውሷል።

ኦቦ ኡመር ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ልጄ፣ አሁንስ ደብተሩ ምን ይላል?» አሉኝ።

እያሾፉ መስሎኝ ቀና አልኩ። አላሾፉም። ደብተሩን ገለጥኩ። እሳቸው ቆመው ይጠብቁኛል፤ እኔ ገጽ አገላብጣለሁ።