እናታችን ያልታመነችበት ሕመም

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ ውዴ፤ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ? አባባ እህል ይቀምሳል? እኔ በጤና አለሁ ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት ይሆንብኛል፤ እየዳንኩ ነው ብል ይሻላል።

ከመስቀል በኋላ ቀኝ ጎኔን፣ ከጀርባዬ እስከ ጡቴ ሥር፣ እሳት እንደነካው ያቃጥለኝ ጀመር። ልብስ ሲነካኝ እንኳ እዘልላለሁ። ራጅ ተነሣሁ፣ አልትራሳውንድ ታየሁ፤ ምንም አልተገኘም። ቆዳዬም ንጹሕ ነው። ክብረት እንኳ፣ ባሌ ሆኖ፣ ኮተቤ ትምህርት ቤት በታክሲ መመላለሱ አድክሞሽ ነው አለኝ። ጎረቤቶች ሲመክሩኝ እንጦጦ ማርያም ጠበል ወጣሁ። ውሃው ጎኔ ላይ ሲያርፍ ጮህኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች መንፈሱ ነው ተባብለው ሸሹኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሳስተምር ቀሚሴን ከጎኔ አርቄ በእጄ እንደያዝኩ ታወቀኝ። እማዬ እንደዚያ አልነበር የምትቆመው? መስታወት ፊት መቆም ፈራሁ፤ የማየው እሷን ነው።

በመጨረሻ እዚሁ ቀበና ዶክተር ምሥጋና የምትባል ሴት አየችኝ። ሕመሙ በአንድ ወገን ብቻ እንደ መቀነት መዞሩን በጣቷ ጫፍ ተከትላ ለየችው። በልጅነቴ ጉድፍ ወጥቶብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔና አንቺ ውሃ የቋጠረው ሽፍታ ወርሶን አንድ መደብ ላይ የተኛነውን ነገርኳት። ያ በሽታ ከሰው አይወጣም አለች፤ ነርቭ ሥር ተኝቶ ይኖርና አቅም ሲደክም ይነሣል፤ አልማዝ ባለጭራ የሚሉት እሱ ነው። «አንዳንዴ ሽፍታው ሳይወጣ ሕመሙ ብቻ ይመጣል። አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም» አለችኝ። የደም ምርመራውም ይህንኑ ደገፈላት። የሰጠችኝ መድኃኒት ቃጠሎውን እያበረደልኝ ነው።

ስለ እማዬም ጠየቅኳት። ያላየኋትን ሰው ይህ ነበረባት ልል አልችልም አለችኝ፤ አቋቋሟን ሳሳያት ግን ብዕሯን አስቀምጣ እንደገና እንዳሳያት ጠየቀችኝ። እትዬ፣ አባባ «ገላዋ ላይ ምንም የለም፤ የያዛት ሌላ ነው» ብሎ ወደ ወላጆቿ የሰደዳት ትዝ ይልሻል? እዚያው ሳንባ ምች ወሰዳት። እሷ እስከ መጨረሻው ያቃጥለኛል ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም።

ኃይሉን ሰላም በይልኝ። ታዴዎስንና ፊልሞናን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ክብረትም ሰላም ብሏችኋል። ለአባባ የምልከው ሰላምታ ይኸው የጻፍኩልሽ ነው፤ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አንብቢለት። ምን እንዳለ ግን አትጻፊልኝ።

እህትሽ ሒሩት
ቀበና፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.