በአባቴ ስም የተቀዳ ደም

እንጅባራ፣ እሑድ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ ለአቶ አዝመራው፣

ሰላምታዬን ወደኋላ አደርሳለሁ፤ አሁን አልችልም። ይህን ደብዳቤ ወንድሜ ስማቸው ሳያይ ብቻዎን ያንብቡት። ጎረቤታችን በቀለች ባሕር ዳር ስለምትሄድ በእጅዎ እንድትሰጥዎ አስምዬአታለሁ። ለሦስተኛው መድኃኒት ባሕር ዳር ይዞዎ የሄደው ስማቸው ነው፤ ስልክዎንም የያዘው እሱ ነው፤ ድምፄን ሲሰማ ይዘጋዋል።

ሐሙስ ዕለት ደውዬ «አባባ፣ ደምዎ ተስተካክሏል!» ያልኩዎ እኔው ነኝ። በዚያ ደስታ በግ ታረደ። እርስዎም ጥር ሃያ ሦስት ለፈረሰኞቹ በዓል እጋልባለሁ ብለው ኮርቻው ይወልወል አሉ።

አባባ፣ ያ ደም የእርስዎ አልነበረም። የስማቸው ነው።

ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው መድኃኒት በፊት ደምዎን የቀዳሁት እኔ ነበርኩ። ሥሩ ጠፍቶብኝ ሦስት ጊዜ ስወጋዎ «አይዞሽ፣ ከፈረስ ዝንብ አይብስም» ብለው አሳቁኝ። ሐሙስ ግን ክሊኒኩ የገባሁት ከሰዓት ነበር። ጠዋት የሥራ ባልደረባዬ ምስጋናው በእርስዎ ስም የተቀዳውን መርምሮ ውጤቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮልኛል።

ሐኪሙ የሚከታተለው አንድ ቁጥር አለ። ከነጭ የደም ሴሎች አንደኛው ዓይነት ሰውነት ሲቆጣ ይበዛል፤ ሌላኛው በሽታን የሚጠብቅ ዘብ ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው እናካፍላለን። መድኃኒቱ እየተሰጠ ቁጥሩ ከወረደ ለጨጓራ ካንሰር ደህና ምልክት ነው፤ ከወጣ መድኃኒቱ እየተሸነፈ ሊሆን ይችላል። ፍርድ አይደለም፣ ጥቆማ ነው። ሐሙስ በጣም ወርዶ አየሁትና ዓይኔ ሌላ አላይ አለኝ። ደውዬልዎ፣ አልቅሼ ካበቃሁ በኋላ ነው ከሥሩ ያለውን መስመር ያነበብኩት። ከሦስት ሳምንት በፊት ስምንት የነበረው የቀይ ደም መጠን አሥራ አምስት ሆኗል። የሚደማ ጨጓራ ያለው ሰው፣ ደም ሳይሰጠው፣ እንዲህ አይሆንም።

«ማንን ነው የቀዳኸው?» አልኩት ምስጋናውን።

«አዝመራው ስል አቤት ያለውን ነዋ! ክንዱ ሞፈር የሚያህል ጎልማሳ። ሰልፉ እስከ በር ነበር፣ ዕድሜ ማን ይጠይቃል?»

ስማቸው አልካደም። «አባባ ባጃጅ ላይ መውጣት አቃተው። ክንዱ እንዴት እንደጠቆረ አላየሽም? ደሙ አነሰ ካሉ ደግሞ መድኃኒቱን ያስቀሩበታል። ልጁ አይደለሁም? የኔ ደም ከየት መጣ?» አለኝ።

«የሱን ደም አይተው እኮ ነው የሚመጥኑለት!»

«ሂጂ፣ ሟርተኛ! ይህን ሁሉ የተማርሽው ደስታችንን ለማበላሸት ነው?» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ክፋት አስቦ እንዳላደረገው ግን እመሰክርለታለሁ።

ዓርብ የክሊኒኩን ኃላፊ ውጤቱ ይሰረዝ፣ ለባሕር ዳሩ ሐኪምም ይነገር አልኩት። «ስማችንን ልታጠፊ ነው? ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» አለኝ። ጋዎኔን ጠረጴዛው ላይ ጥዬለት ወጣሁ። ይቅርታ ጠይቀሽ ተመለሽ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ምን አጥፍቼ? አልጠይቅም።

ማክሰኞ ያን ወረቀት ይዘው ከገቡ ሐኪሙ የሚያዝልዎ ለስማቸው ጉልበት የሚሆን መድኃኒት ነው። የእርስዎ ነጭ ደም ወርዶ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ትንሽ ትኩሳት ብትነሳ ልናጣዎ እንችላለን። ስለዚህ «ወረቀቱ የእኔ አይደለም፤ መጀመሪያ ደሜን ቅዱ» ይበሉ። ስማቸው ቢቆጣም፣ ቢያለቅስም ይበሉ። እርስዎ እሱ የጫነውን ኮርቻ እንኳ ጠፍሩን በእጅዎ ሳይፈትሹ ወጥተው አያውቁም።

ባለፈው በእጄ የቀዳሁትን፣ የራስዎን ቁጥር አውቀዋለሁ። እዚህ አልጽፈውም። ከጠየቁኝ በአፌ እነግርዎታለሁ። ከጠየቁኝ ብቻ።

መንገዱ ክፍት ከሆነ ነገ እነሳለሁ። ማክሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ በር ላይ ያገኙኛል፤ ስማቸው አትግቢ ቢለኝም እገባለሁ።

ኮርቻውን ከአገር ቤት፣ ከጥርባ አስመጥቼ ትናንት ወለወልኩት። ዛሬም ደግሜ ወለወልኩት።

ያስቀረሁት ሰላምታ ይኸው፦ እንዴት ሰነበቱ? እህል ይወርድልዎታል? ፈጣሪ ጉልበትዎን ይመልስልዎ። እኔንም ይመርቁኝ፤ ዘንድሮ ከእርስዎ በቀር የሚመርቀኝ የለም።

ልጅዎ
ቤዛዊት አዝመራው

እኔ ሳልደርስ ቢጠሩዎ፦ ግራ ክንድዎን ይስጧቸው፤ ከክርንዎ በታች፣ ወደ ውጭ በኩል። ሥሩ እዚያ አለ። ሁለቴ አግኝቼዋለሁ።