ጋሻው የወረደበት ሚካኤል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2002

አላስረክብም። ዛሬ ጭልፊት በእንግሊዝኛ ጻፈልኝ። ጭልፊት በኢንተርኔቱ የጠፈር ጨዋታ የቡድናችን አለቃ ነው፤ የየት አገር ሰው እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ፕላኔቴን ከጥቃት የሚከልለው ጋሻ ጊዜው አልቆ ቅዳሜ ይወርዳል፤ ጠላቶቻችን ያንን እየጠበቁ ነው። «መብራት በሚጠፋበት አገር ሆነሽ መከላከል አትችይም። መርከቦችሽን አስረክቢኝና ከቡድኑ ውጪ» ይላል።

እኒያን መርከቦች ከፍልሰታ ጀምሮ ነው የሠራኋቸው፤ ደብዳቤ በምተይብበት በጋሽ በላይ ኢንተርኔት ቤት፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣ አንድ በአንድ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ እንዳልመጣልኝ ደብረ ማርቆስ ሙሉ ያውቃል። እዚያ ሰማይ ላይ ግን ማንም አያውቅም። በጣም ተናድጃለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ጋሽ በላይ ቫይረስ ስለሚፈሩ ኮምፒውተሮቹ ላይ ምንም ፕሮግራም አያስጭኑም። ለመከላከል የቀሩኝ ረዳቶች ድረ ገጾች ናቸው፤ ተጫዋቾች ለተጫዋቾች በነጻ የሠሯቸው። ዛሬ ያገኘኋቸው፦

ውጊያን አስቀድሞ የሚያሳይ። የእኔንና የእነሱን መርከቦች አስገብቼ ደጋግሜ አዋጋሁ። ሁልጊዜም አለቅሁ። ቢያንስ አወቅሁት።

የጉዞ ጊዜ የሚያሰላ። ይህ ይጠቅማል።

የጨዋታውን ሰዓት ወደየአገሩ የሚቀይር። ጋሻው የሚወርደው 9 ሰዓት ላይ ነው አለኝ። እሰይ! ከሚካኤል ንግሥ ተመልሼ እደርሳለሁ፤ መርከቦቼን አስነሥቼ ባዶ ሜዳ አሳያቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ለሙከራ አንዲት የጭነት መርከብ ላክሁ። ድረ ገጹ 11 ሰዓት ትመለሳለች ይላል። ከምሳ በፊት ሳያት ተመልሳ ቆማለች።

ከዚያ ገባኝ። ደንበኞች በሰዓት ስለሚጨቃጨቁ ጋሽ በላይ የኮምፒውተሮቹን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አስሞልተውኛል። ዓይኔ እሱን ለምዶ ድረ ገጹንም በእኛ ሰዓት አነበብኩት። ድረ ገጹ የሚቆጥረው ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። የቅዳሜው 9 ሰዓት ጠዋት 3 ሰዓት ነው! ያኔ ኢንተርኔት ቤቱ ዝግ ነው፤ እኔም ሚካኤል ንግሥ ላይ ነኝ። ካልሄድኩ መርጌታው አባቴ ዓመቱን ሙሉ ያኮርፉኛል።

ለጭልፊት ላስረክብ ይሆን? አሰብኩበት። አይሆንም።

አዲስ ሐሳብ፦ ዓርብ ማታ ሳይዘጋ ሁሉንም እልካቸዋለሁ። ሩቅ፣ ሰው አልባ ፕላኔት፣ ፍጥነታቸው በጣም ዝቅ ብሎ። ቅዳሜ ከሰዓት ይመለሳሉ። ጠላት ሲመጣ ቤቴን እንጂ እነሱን አያገኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

መብራት ጠፋ። ዛሬ! እስከ 11 ሰዓት ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ቤንዚን ገዝቼ መጣሁና ጋሽ በላይን ጄኔሬተሩን ያስነሡልኝ አልኳቸው።

«ለጨዋታ?»

«ለጨዋታ አይደለም ጋሼ። አትችይም ስላሉኝ ነው።»

ቤንዚኑን ተቀብለው ሞሉ። ከዚያ የጄኔሬተሩን ገመድ ሳቡት።

ላክኋቸው። የመጨረሻዋም ተነሣች። ሰዓቱን ደጋግሜ አስልቻለሁ፤ ግን ሐሙስ የተሳሳተችውም ይህችው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

3 ሰዓት ሲሆን ሕዝቡ መሐል ቆሜ ነበር። እልል እላለሁ፤ ልቤ ግን እዚያ ነው። ታቦቱ ከገባ በኋላ አባቴ ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል?»

«መርከቦቼ መንገድ ላይ ናቸው አባባ።»

«የት?»

«ሰማይ ላይ።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። «በዛሬው ቀን ከሆነ መንገዳቸው፣ ጠባቂ አላቸው» ብለውኝ ወደ ደቀ መዛሙርታቸው ሄዱ።

ከሰዓት ጋሽ በላይ ከፈቱልኝ። መብራት አለ። ጠላት ጠዋት መጥቶ መጋዘኔን ሙልጭ አድርጎ ዘርፎታል። መርከቦቼ ግን አንዲትም ሳትጎድል ተመልሰዋል። አለቀስኩ፤ ጋሽ በላይም ያላዩ መሰሉ።

ጭልፊት ጽፏል። ጠላት ሲመጣ የት ነበርሽ ይላል። ድረ ገጾቹን ላኪልኝ ይላል፤ ከቡድኑ ውጪ ማለቱን ረስቶታል። ድረ ገጾቹን ለቡድኑ በሙሉ ላክሁ። ለእሱ ጥያቄ ግን «ንግሥ ነበርኩ» ብዬ በአማርኛ፣ በገዛ ፊደሌ ጻፍኩለት። ፈልጎ ይረዳው።

አሁን ጋሻ የለኝም። ነገም ይመጡ ይሆናል። ይምጡ።